ውሻዬ ከተኮላሸ በኋላ ሜዳ ላይ ምን ተለወጠ?

ዳማ የ4 ዓመት ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ስሙን ያገኘው በጠጉሩ ነው። የምንኖረው ፍራንክፈርት አጠገብ ሲሆን ቅዳሜና እሁድ ከሰፈራችን የውሻ ስፖርት ክበብ አንጠፋም። ስፖርቱ ድሮ ሹትስሁንድ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ኢጌፔ ሆኗል። ሦስት ክፍል አለው፦ ዱካ መከተል፣ መታዘዝና ጥበቃ፤ ጥበቃ ማለት ውሻው የተደበቀ ሰው ፈልጎ የሚጮህበትና ሊያመልጥ ሲል ወፍራም እጅጌውን የሚነክስበት ነው። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ለማለፍ በሦስቱም ቢያንስ 70 ማምጣት ግድ ነው።

ስምንት ወር ሲሞላው አንደኛው የዘር ፍሬው እንዳልወረደ አወቅን። ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። እንዲህ የቀረ ፍሬ ዕድሜ ሲገፋ ዕጢ የማብቀል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ችግሩ በዘርም ይተላለፋል፤ ስለዚህ ዳማን ማራባት አልፈለግኩም። መኮላሸቱ አይቀርም። የጨነቀኝ መቼ ይሁን የሚለውና ከዚያ በኋላስ ጥበቃ ይሠራል ወይ የሚለው ነበር።

ክበቡ ውስጥ ረጅም ዓመት የሠራ አንድ ሰው «ከተኮላሸማ የሳሎን ውሻ ሆነ በቃ» አለኝ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አገር ቤት ደውዬ ለአባቴ አጫወትኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከብት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። «ሙክትም ይኮላሻል፣ የእርሻ በሬም ይኮላሻል» አሉኝ። «አንዱ ታስሮ ይቀለባል፣ ይሰባል። አንዱ ቀንበር ይሸከማል፣ ያርሳል። አንተ ውሻህን የትኛውን ልታደርገው ነው?» ይህን ያህል የጠቀመኝ ምክር የለም።

መጀመሪያ ያየው ሐኪም በ9 ወሩ እንጨርሰው ብሎ ነበር። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሷ አጥንቱን አስባ ነው የመለሰችልኝ። የወንዴ ሆርሞን አጥንት ማደጉን በጊዜው እንዲያቆም ያደርጋል። ሆርሞኑ ቀድሞ ከጠፋ እግር ከልኩ በላይ ይረዝማል፣ መገጣጠሚያም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ይህንኑ በጀርመን ሼፐርዶች ላይ አይቷል። ዓመት ሳይሞላቸው ከተኮላሹት ወንዶች 21 ከመቶዎቹ የመገጣጠሚያ በሽታ ሲይዛቸው፣ ካልተኮላሹት ግን የያዛቸው 7 ከመቶዎቹ ናቸው። ለሚዘልና በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ለሚነክስ ውሻ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የቀረው ፍሬ በየጥቂት ወሩ በአልትራሳውንድ እየታየ ጠበቅን። በ22 ወሩ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ።

ሆዱ ስለተከፈተ ማገገሙ ጊዜ ወሰደ። ወደ ጥበቃ ልምምድ የተመለስነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ያን ቀን አልረሳውም። ረዳቱ፣ ማለትም ወፍራሙን እጅጌ የሚያጠልቀው ሰው፣ ከመደበቂያው ጀርባ ቆሟል። ዳማን ለቀቅኩት። መደበቂያውን ዞሮ ሰውየው ፊት ቆመና ያን ከደረት የሚወጣ ጩኸቱን ጀመረ። ሳያቋርጥ፣ ሳይነካው ይጮኻል። ረዳቱ ሊያመልጥ ሲሞክር እጅጌውን እስከ መንጋጋ ጥርሱ ሞልቶ ያዘ። ዓይኑ የተረጋጋ ነው። «አውስ!» ስለው ለቀቀ። የእኔ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ረዳቱ እጅጌውን እያራገፈ «ያው ዳማ ነው» አለኝ።

ለምን እንዳልተለወጠ አሁን ይገባኛል። የሚሮጥን ነገር ማሳደድና ይዞ አለመልቀቅ ከዘሩ የመጣ ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በጨዋታ አሳድገነዋል። የተኮላሸው ሥራውን ከለመደና አካሉ ከጠና በኋላ ነው። በ9 ወሩ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውሻ ይዤ ይሆናል፤ በእሱ ልማል አልችልም።

ዱካ ላይ ግልጽ ለውጥ አየሁ። ድሮ ሌላ ወንድ የሸናበት ሣር ካገኘ አፍንጫውን ከዱካው ያነሳ ነበር። ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ከሆነችማ የዚያን ቀን ሥራ የለም። በውድድር እንዲህ ያለች ሴት ሜዳ የምትገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ በልምምድ ቀን ግን ሽታው ሜዳው ላይ ይቀራል። አሁን አሽትቶ ያልፋል።

ያጠፋሁት ምግቡ ላይ ነው። የተኮላሸ ውሻ የሚያስፈልገው ጉልበት እንደሚቀንስ ተነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ያንኑ ሳህን እየሞላሁ ሰጠሁት። በአራት ወር ከ36 ኪሎ ወደ 40 ገባ። መሰናክሉን ሲዘል የኋላ እግሩ ይነካው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ምግቡን በወጥ ቤት ሚዛን እየለካሁ አንድ አምስተኛውን ቀነስኩ፤ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ደግሞ ዳገት ማስወጣት ጨመርን። 37 ላይ ቆሟል።

አንድ ነገር ደግሞ በሆዴ ተመኝቼ ነበር። በጥበቃ ልምምድ ረዳቱ ለማስፈራራት ዱላ ከፍ ሲያደርግ ዳማ የነከሰውን እጅጌ ያኝክ ነበር። እንዲህ ማኘክ የፍርሃት ምልክት ነው። ሲኮላሽ ይረጋጋል ብዬ ነበር። አልተረጋጋም፤ እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ወራት ባሰበት። ፍርሃት ከዘር ፍሬ ጋር ተቆርጦ አይወጣም። ያስተካከለው የረዳቱ ትዕግሥት ነው፦ ዱላው መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ በእጅ ተያዘ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ስምንት ወር ፈጀብን።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ መጨነቄን ስትሰማ ገረማት። እዚያ የውሻ መጠለያዎች አኮላሽተው ነው የሚሰጡት። ጀርመን ውስጥ ግን የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ ያለ ምክንያት የእንስሳ አካል እንዳይወጣ ስለሚከለክል ሐኪም ምክንያትህን ይጠይቅሃል። እኔ ደስ ብሎኛል፤ እንዳስብ አስገድዶኛል።

ባለፈው ወር አንድ የክበባችን ልጅ መጣብኝ። የ3 ዓመት ሮትዋይለር አለው፤ ሌላ ወንድ ካየ ትእዛዝ አይሰማም። ላኮላሸው ወይ አለኝ። መጀመሪያ ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን የዴስሎሬሊን መድኃኒት ሐኪምህን ጠይቅ አልኩት። የዘር ፍሬው ሳይወጣ ሆርሞኑን ያጠፋዋል፤ ትንሹ መጠን ስድስት ወር ያህል ይሠራል፣ ካልወደድከው ጊዜው ሲያልፍ ይመለሳል። የመጀመሪያ ሳምንታት ሆርሞኑ ከፍ ሊል ስለሚችል እንዳይደናገጥም ነገርኩት። አስቀበረለት። አሁን አራተኛ ሳምንቱ ነው፤ እስካሁን ለውጥ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሾቻችንን ሜዳው ዳርና ዳር አቁመን እየተያየን ነው።