የቀበና ውሃ

ሐሙስ ማታ። ከአዋሽ ከተመለስን 4 ቀናችን ነው። ጫማዬ ላይ ያለውን አቧራ እስካሁን አላራገፍኩትም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ፍልሰታ እንደተፈታ እማዬን ይዣት ወጣሁ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከአዲስ አበባ የወጣችው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይ ለንግሥ ነው። "እዚያ ሄደን ምን ልንሠራ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ግራ ገባት።

ናዝሬትን፣ ከዚያም መተሐራን አልፈን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ገባን። ያረፍንበት ሎጅ ከአዋሽ ፏፏቴ አጠገብ ነው። ክረምት ስለሆነ ወንዙ ሞልቷል፤ ውሃው ቡና በወተት ይመስላል። ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ማታም ቀንም አይቋረጥም። ግን አይረብሽም። እኛ ሰፈር ሌሊት አንድ መኪና ጡሩንባ ቢነፋ ብንን የምለው ሴትዮ፣ እዚያ 9 ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ከመሸ በኋላ ያለ ጠባቂ ከጎጆ መውጣት አይፈቀድም። መጀመሪያ ሌሊት ጅብ ጮኸ። በጣም ቅርብ ነበር። እማዬ ትፈራለች ብዬ ቀና አልኩ። እሷ ዓይኗን ገልጣ በጀርባዋ ተኝታለች። "ልጅ ሆኜ ቀበና እንዲህ ነበር የሚጮኸው" አለች። ድምፅዋ የናፈቀ ሰው ድምፅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ስካውት፣ ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ሜዳው ላይ ወጣን። ሳላ የሚሉትን የዱር እንስሳ ያየሁት ያኔ ነው። ብቻውን ቆሟል። ፊቱ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር አለው፤ ቀንዶቹ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ጦሮች ናቸው። ጎኑን ሲሰጠን ሁለቱ ቀንዶች ገጠሙና አንድ ብቻ መሰሉ። ጅራቱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየት ይችላል አለን ስካውቱ፤ ከሚበላው ሣርና ቅጠል እርጥበቱን ያገኛል። እማዬ "አምላኬ፣ ሥራህ!" ብላ አማተበች።

ከሰዓት ፏፏቴው ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከታች፣ ውሃው ረጋ ከሚልበት ጋ፣ ግንድ የመሰለኝ ነገር አዞ ሆኖ ተገኘ። እማዬ ግን ዓይኗ ውሃው ላይ ነው። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?" ብላ ስካውቱን ጠየቀችው።

"እማማ፣ መነሻው ጊንጪ በኩል ነው። ግን የእናንተም አለበት። የአዲስ አበባ ወንዞች አቃቂን ይዘው እሱ ውስጥ ነው የሚገቡት።"

"ቀበናም?"

"ቀበናም።"

ዝም አለች። እማዬ ልጅ ሆና ቀበና ወንዝ ልብስ አጥባለች፣ ድንጋይ ላይ አስጥታለች። ዛሬ የዚያ ወንዝ ሽታ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አፍንጫ ያስይዛል። ያንን ስናልፍ ፊቷን የምታዞረው ለሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔም ከዚያች ደቂቃ በኋላ ፏፏቴውን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልኩም። ከታች አረፋው ውስጥ አንድ ባዶ የውሃ ላስቲክ ይሽከረከራል። ከእኛ ሰፈር ነው የመጣው አልልም፤ መሃል ላይ ቆቃ ግድብ አለ፣ ብዙ ከተማም አለ። ቢሆንም አፈርኩ። ይሄ ወንዝ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ላይ፣ አቤ ሐይቅ ያልቃል። የጣልንበትን ተቀብሎ የሚወስድለት ባሕር የለም። በመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ ሰው ይጠጣዋል፣ ማሳ ይጠጣዋል።

አሁን ቤት ነን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዶፍ ዘነበ። ካባራ በኋላ ቀበና ከታች ሲጓዝ ይሰማል፤ ለዓመታት እዚህ ስኖር ጆሮ ሰጥቼው አላውቅም ነበር። እማዬ ነጠላዋን ደርባ መስኮቱ ጋ መጣች። ትንሽ አዳመጠች።

"ይሄ የዛሬው" አለች፣ "እዚያ መቼ ይደርስ ይሆን?"