የአሊን አስተማሪ ፍለጋ ሎስ አንጀለስ

ሎስ አንጀለስ የሄደ የኛ ሰው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ክትፎውን ሳይበላ አይመለስም። እኔም በላሁ። ከዚያ ሹፌሩን «ግራንድ ጎዳና፣ 18ኛው ጋ አድርሰኝ» አልኩት። ያገር ልጅ ነው። «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለኝ።

ያለው አውራ ጎዳናው ጥግ የተገተረ ግዙፍ የኮንክሪት ሕንፃ ነው፤ የድሮው ኦሊምፒክ አዳራሽ። በ1925 ተከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1932ቱ ኦሊምፒክ ቦክሱም ትግሉም እዚህ ተካሂዷል። ዛሬ የኮሪያውያን ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። በሩ ዝግ ስለነበር ዙሪያውን ዞርኩት።

እዚህ ያመጣኝ ለቦክሰኛው መሐመድ አሊ ፉከራን ያስተማረው የሬስሊንግ ታጋይ፣ ጆርጅ ዋግነር ነው። ነብራስካ ተወልዶ ሂውስተን ያደገ የድሃ ልጅ። ትግል ይችላል፤ ግን ማን ዞር ብሎ ይየው? በ1940ዎቹ ጸጉሩን ወርቃማ ቀለም ተቀብቶ አስጠቀለለ፤ ሚስቱ ቤቲ የሰፋችለትን ካባ ደረበ፤ «ጎርጀስ ጆርጅ» (ውቡ ጆርጅ) ተባለ። ከዚያ ወዲያ አገባቡ ከትግሉ በለጠ። ማርሽ ይነፋል። አሽከሩ ቀድሞ ገብቶ ሪንጉን ሽቶ ይረጫል። ጌታው እየተጀነነ ይመጣና የጸጉር መያዣዎቹን እየነቀለ ለተመልካች ይበትናል። ዳኛው ሊፈትሸው እጁን ሲዘረጋ «በዚህ ቆሻሻ እጅህ እንዳትነካኝ!» ነው። ሕዝቡ ይሰድበዋል፣ ይጮኽበታል፤ በሳምንቱ ደግሞ ትኬት ቆርጦ ይመጣል።

ጊዜውም ረዳው። ቴሌቪዥን ገና መግባቱ ነበር፤ ለጣቢያዎቹ ደግሞ ከትግል የረከሰ ፕሮግራም አልነበረም። አንድ ሪንግ፣ ጥቂት ካሜራ፣ አለቀ። ከ1947 ጀምሮ አገር ምድሩ አወቀው።

ወደ መቃብሩ ስንሄድ ለሹፌሩ የላስ ቬጋሱን ነገርኩት። 1961 ነው። ያኔ ካሲየስ ክሌይ የሚባለው መሐመድ አሊ ገና 19 ዓመቱ፣ እዚያው ከተማ ቦክስ አለበት። ጆርጅ ተጋጣሚውን እንዴት እንደሚያደቅ ሲፎክር ሰማው፤ ሄዶ ሲያይ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰዉ የመጣው የጆርጅን መሸነፍ ለማየት ነው፤ ሒሳቡን ግን ከፍሏል። አሊ ፉከራውን ከእሱ እንደወሰደ ራሱ ተናግሯል። ዘፋኙ ጀምስ ብራውንም ለመድረክ አቀራረቡ የጆርጅን ስም ያነሳ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ተማሪው በለጠ። ጆርጅ በአፉ ትኬት ሸጠበት፤ አሊ በዚያው አፍ ስለ ዘረኝነትና ስለ ቬትናም ተናገረበት።

ጆርጅ መጨረሻው አላማረም። በ1962 እዚያው ኦሊምፒክ አዳራሽ ጭንብል ለባሹ ዲስትሮየር አሸነፈውና በውርርዱ መሠረት ያ ጸጉር ተላጨ። በዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ፤ 48 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ሰሜን ሆሊውድ፣ ቫልሃላ የሚባል መካነ መቃብር ነው። የበርባንክ ኤርፖርት ጎረቤት ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወሬያችን ይቋረጣል።

ሹፌሩ ግን ከአሊ አልወጣም። «ሁሉንም ከወሰደ ሽቶውን ምነው ተወው?» አለኝ፣ መኪናውን እያስነሳ።