ኮይሉ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ዋት አትጨምሩ

ቬፕ፣ ማለትም ፈሳሽ አትንኖ የሚሳብ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ይዘው ወደ ሱቄ የሚመጡ የብዙዎቹ ልጆች ስሞታ አንድ ነው፤ "የተቃጠለ ጨርቅ ጨርቅ ይለኛል።" ዕቃው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ከፍቼ ሳየው ባትሪው ደህና ነው። ስክሪኑም ደህና ነው። ኮይሉን፣ ውስጡ ያለውን ማሞቂያ፣ ነቅዬ በቀዳዳው በኩል ስመለከት ግን ነጭ መሆን የነበረበት ጥጥ ጠቁሯል፤ መሀሉ ከሰል መስሏል። ስክሪኑ 30 ዋት ይላል። ኮይሉ ወገብ ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ 0.8 ኦም፣ ከ12 እስከ 16 ዋት ይላል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ መጠገን ነው፤ ደሴ፣ ሸዋ በር። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ልጆቹ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ ሲመለሱ ዕቃውን በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። አጠቃቀሙን ግን በደንብ ያስረዳቸው የለም። የሸጠላቸው ሰው ጣዕሙንና ቀለሙን አስመርጦ ሸኝቷቸዋል። እኔ ደግሞ ውሎዬ ከኮይል ጋር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ከልቤ ነው። የማታጨሱ ከሆነ አትጀምሩት። ኒኮቲን በሲጋራም ገባ በእንፋሎት ያው ሱስ ነው፤ ለወጣት አእምሮ ደግሞ ይብሳል። አገራችን ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስመጣትም መሸጥም በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። እኔም አልሸጥም፣ ከየት እንደሚገኝም አልጠቁምም። የምጽፈው ዕቃው አሁን እጁ ላይ ላለ፣ ሳያውቅ የተቃጠለ ጥጥ እየሳበ ሳንባውን ለሚጎዳ ሰው ነው።

እንግዲህ ኮይል ምንድን ነው? ሁላችንም ቤት ያለው የምድጃ ሽቦ ነው፤ በጣም አንሶ፣ በጥጥ ተከብቦ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። ምድጃው ላይ ድስቱን ያሞቃል፣ ቬፑ ውስጥ ጥጡ የጠጣውን ፈሳሽ ያተናል። የሽቦው ዓይነት እንኳ ቅርብ ነው። ብዙ ኮይሎች የሚሠሩት ካንታል ከሚባለው የብረት፣ የክሮምየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ወይም ከኒክሮም ነው፤ የምድጃ ሽቦም ከእነዚሁ ነው የሚሠራው።

ኦም የሚባለው ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታው የሚለካበት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ያሳልፋል። ዝቅ ካለ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ብዙ ያሳልፋል። ዋት ደግሞ ሽቦው ላይ በየሰከንዱ የሚወጣው ጉልበት፣ ማለትም ሙቀቱ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቮልት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለኦሙ አካፍሉት፣ ዋቱን ይሰጣችኋል።

በምድጃ እንየው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። 1000 ዋት የሚሠራ የምድጃ ሽቦ በኦም መለኪያ ሲለካ 48 ኦም ገደማ ይሆናል። ማታ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይወርዳል። ቮልቱ 180 ከደረሰ ያው ምድጃ የሚሰጠው 670 ዋት ገደማ ብቻ ነው። "ምድጃዬ ደከመ" ብላችሁ ስታመጡት ብዙውን ጊዜ የደከመው መስመሩ ነው።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን እንውሰድ። ሽቦው ሲበጠስ ምን ይደረጋል? ሁለቱን ጫፍ ስቦ፣ ጠምዝዞ ማገናኘት። ምድጃው ይሠራል፣ እንዲያውም ከበፊቱ በርትቶ ይቀላል። እናቶች "አሁን ገና ሆነ" ይላሉ። የበረታው ግን ሽቦው ስላጠረ ነው። ሲያጥር ኦሙ ይወርዳል፣ ኦሙ ሲወርድ ዋቱ ይወጣል። ያው የቀጠነ ሽቦ ከተሠራበት በላይ ሙቀት ይሸከማል። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይበጠሳል። ይህን ነገር የገባው ሰው ቬፕም ገብቶታል።

ወደ ትንሿ ዕቃ እንመለስ። አንድ የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ሲሠራ አማካዩ 3.7 ገደማ ነው። 1.2 ኦም ኮይል በ3.7 ቮልት 11 ዋት ገደማ ይሰጣል። 0.8 ኦም 17 ይሰጣል። 0.4 ኦም ከሆነ 34 ይደርሳል። ባትሪው ያው አንድ ነው፤ ኮይሉ ሲቀየር ሙቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ዋት የሚመረጥባቸው ዕቃዎች ውስጣቸው ቮልቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቺፕ አላቸው። 12 ዋት ስትሉት የኮይሉን ኦም አንብቦ ለ12 ዋት የሚበቃውን ቮልት ይልካል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን ቺፑ ኦሙን እንጂ ጥጡን አያይም። 30 ብትሉት 30 ይልካል፣ ከቻለ። ጥጡ ይቃጠል አይቃጠል የእሱ ጉዳይ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ከሪያድ የመጣ ሰሞን ቡና ላይ ተቀምጠን ይህንኑ ስንነጋገር፣ "አጎቴ፣ እስከ 80 ይሄዳል ተብዬ እኮ ነው በውድ የገዛሁት፤ ታዲያ 80ው ለምን ተሠራ?" አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው። 80 የዕቃው አቅም ነው፣ የኮይሉ አይደለም። አንድ ዕቃ ብዙ ዓይነት ኮይል ይቀበላል። ውስጡ የገባው ኮይል 12 ለሚል 12 ነው የሚሰጠው። "አብሽር፣ ዕቃህ አልተበላሸም" አልኩት፤ ኮይል ቀይረን በ12 ጀመረ። ጣዕሙን ያን ጊዜ ነው ያወቀው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሌላው ነገር ይኸውና። ሁለት ኮይሎች ሁለቱም 0.4 ኦም ናቸው። አንዱ ላይ ከ25 እስከ 35፣ ሌላው ላይ ከ50 እስከ 60 ተጽፏል። ኦማቸው አንድ ከሆነ ዋታቸው ለምን ተለያየ? ምክንያቱ የብረቱ መጠንና ስፋት ነው። ቀጭንና አጭር ሽቦም፣ ወፍራምና ረጅም ሽቦም አንድ ዓይነት ኦም ሊሰጡ ይችላሉ። ወፍራሙ ግን ብረቱ ብዙ ስለሆነ ለመሞቅ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ፈሳሹን የሚነካው ገጹም ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ያከፋፍለዋል። በወንፊት መልክ የተሠሩት፣ ሜሽ የሚባሉት ኮይሎች ዋት የሚችሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ኦሙን ብቻ አይታችሁ ከጓደኛችሁ ዋት አትቅዱ። የሚገዛችሁ የራሳችሁ ኮይል ላይ የተጻፈው ነው።

አዲስ ኮይል ስትገጥሙ መቸኮል የለም። ጥጡ በሚታይባቸው ቀዳዳዎች ጥቂት የፈሳሽ ጠብታ አድርጉ፣ ግጠሙት፣ ታንኩን (የፈሳሹን ማጠራቀሚያ) ሙሉት፣ ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ተዉት። ደረቅ ጥጥ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ያ ሽታ ኮይሉ እስኪጣል አብሮት ይኖራል። ስትጀምሩ ከተጻፈው ትንሹ ዋት ጀምሩ። ከ12 እስከ 16 ካለ በ12። ጥቂት ሳብ ሳብ አድርጉበት፣ ከዚያ አንድ አንድ ዋት ጨምሩ። ጣዕሙ ሲሞላ እዚያ ላይ አቁሙ። ጉሮሮን መቧጠጥ ከጀመረ ወደ ታች ውረዱ። የላይኛው ቁጥር ድንበር ነው፣ የግድ መድረስ ያለባችሁ ቦታ አይደለም።

ደረቅ ጥጥ መሳብ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲሞቅ አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉ መርዛማ ነገሮችን ይፈጥራል። ጉሮሮን እንደ በርበሬ ጭስ ጥርቅም የሚያደርገው ስሜት ሲመጣ "ትንሽ ልታገሰው" አይባልም። ወዲያው አቁሙ።

ከኦም ጋር የአሳሳቡም ነገር አለ። ከ1 ኦም በላይ ያሉት ኮይሎች እንደ ሲጋራ አፍ ውስጥ ያዝ አድርጎ ወደ ውስጥ ለሚስብ ሰው ናቸው። አየር ማስገቢያቸው ጠበብ፣ ጭሳቸው አነስ ይላል። ከ1 በታች ሲወርድ፣ በተለይ 0.5 እና ከዚያ በታች፣ እንደ ሺሻ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሳብ ነው። እዚህ ላይ አደገኛ ስህተት አለ። ኒክ ሶልት የሚባለው ፈሳሽ ኒኮቲኑ ከፍ ያለ ነው፤ 20 ሚሊግራም በሚሊሊትር እና ከዚያም በላይ አለ። የተዘጋጀው ትንሽ ጭስ ለሚሰጡት ትንንሽ ኮይሎች ነው። ይህን 0.2 ኦም ውስጥ ከትቶ በ60 ዋት መሳብ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ኒኮቲን መዋጥ ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን ይከተላል። ዝቅተኛ ኦም ለሚጠቀም ሰው የጠርሙሱ ቁጥር 3 ወይም 6 ቢሆን ነው የሚሻለው፤ ወይ ደግሞ ዜሮ።

የአየራችንም ነገር መረሳት የለበትም። ፈሳሹ ፒጂ (ፕሮፒሊን ግላይኮል) እና ቪጂ (ከላይ ያልኩት ግሊሰሪን) ከሚባሉ ሁለት ነገሮች ይቀላቀላል። ፒጂው ቀጭን ነው፣ ቪጂው እንደ ማር ወፍራም ነው። ደሴ ጠዋት ላይ፣ የጦሳ ብርድ ሲወርድ፣ ቪጂ የበዛበት ፈሳሽ ይበልጥ ይወፍራል። በትንሿ ኮይል ቀዳዳ አልገባ ይላል፣ ጥጡ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና የነበረው ዕቃ ደሴ ሲደርስ የሚያስቸግረው አንድም በዚህ ነው። ዕቃውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ሞቅ አድርጋችሁ ያዙት። በብርድ ጊዜ አንድ ሁለት ዋት ቀንሱ። በሁለት ሳብታ መሀል ፋታ ስጡት፤ ጥጡ እስኪጠጣ ነው። ለትንንሽ ኮይል ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ይመረጣል።

ባትሪ ላይ ቀልድ የለም። ቺፕ የሌላቸው፣ ባትሪውን በቀጥታ ከኮይሉ ጋር የሚያገናኙ ዕቃዎች አሉ። ለጀማሪ አይሆኑም፤ ሲመጡልኝም ይህንኑ ነው የምናገረው። 0.15 ኦም ኮይል በሞላ ባትሪ ላይ 28 አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው) ይስባል። 18650 ከሚባሉት ባትሪዎች ብዙዎቹ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችሉት ከ20 አምፔር አይበልጥም፤ ከዚያም ያነሱ ሞልተዋል። ከልኩ በላይ የተጎተተ ባትሪ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የላይኛው ፕላስቲክ የተላጠ ባትሪ አትጠቀሙ። ብቻውን ያለ ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ አትተኙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ዘልሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሲጠፋ ንቀሉት፣ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ሰኩት። ለስልካችሁም እንደዚያው ነው።

ፈሳሹን ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። የማንጎና የእንጆሪ ሽታ አለው፣ ልጅ ጁስ ነው ብሎ ይቀምሰዋል። ጥቂት ኒኮቲን ለሕፃን መርዝ ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው።

ስክሪኑ ላይ ኦሙን የማየት ልማድም ይኑራችሁ። 0.4 የተጻፈበት ኮይል 0.38 ወይም 0.42 ቢል ምንም አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ኮይል የለም የሚል ከሆነ ግን መጀመሪያ መገናኛውን እዩት፤ ፈሳሽ ፈስሶበት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ መንገዱም ያፈሰዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስትወጡ ወደ 600 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው የሚጨምረው። የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፣ ታንኩ ውስጥ ያለችው አየር ትለጠጣለች፣ ፈሳሹን በኮይሉ በኩል ወደ ታች ትገፋዋለች። ሚኒባስ ውስጥ ኪሳችሁ የሚረጥበው በዚህ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ታንኩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፤ ለአየር ብዙ ቦታ አትተዉ። ዕቃውንም አቁማችሁ ያዙት። ደሴ ስትወርዱ ኮይሉን ንቀሉ፣ ታችኛውን መገናኛና የዕቃውን ጉድጓድ በደረቅ ሶፍት ጥረጉ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ኦሙ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዋቱን ከታች ጀምራችሁ ቀጥሉ። ካልተመለሰ ያን ኮይል ጣሉት።