«አባቱ መታ?»

ጎንደር ውስጥ በአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከእንግሊዝ አገር ለጥቂት ወራት የመጣች ሐኪም ነበረች። አማርኛ የመማር ጉጉቷ ልብ ይነካ ስለነበር «ቡና ተታሁ» ስትለኝ እንኳ «ጎበዝ!» እያልኩ አልፋት ነበር። ማረም ይሉኝታ ይዞኝ።

አንድ ቀን ከደንቢያ አንዲት እናት ክንዱ የተሰበረ ልጇን ይዛ ገባች። አባትዬው ካርድ ሊያወጣ ሄዷል። እኔ ጀሶ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ነው። ዶክተሯ ስለ ማደንዘዣው ሁለቱንም ወላጆች ልታነጋግር ፈልጋ፣ እናትዬዋን «አባቱ መታ?» አለቻት።

እናትዬዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ኧረ በሥላሴ! አባቱ እጁን አንሥቶበት አያውቅም። ከዛፍ ነው የወደቀው!» አለችና እንባዋ ወረደ። ቀና ስል አባትዬው በሩ ላይ ቆሟል። ካርዱ እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ወንድሜ፣ ‹መጣ ወይ› ማለቷ ነው» አልኩት። እስኪረጋጋ ጊዜ ወሰደ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ እኔ የሰማሁት «መጣ» መሆኑ ነው። ጆሮ የሚሰማው የደረሰውን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከተናጋሪው ልማድና ከጉዳዩ ተነሥቶ የጎደለውን ይሞላል። እኔ የእሷን አነጋገር ለምጄ ስሞላ ከርሜያለሁ። ያቺ እናት ግን ፊቷ የተሰበረ ክንድና ነጭ ጋውን እንጂ ሌላ ምን ነበራት?

በማግስቱ ይሉኝታዬን ትቼ ተቀመጥን። ት ስንል አየሩ ከሳንባ ይመጣል። ጥ ስንል ግን የድምፅ አውታሮች ግጥም ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ በማንቁርትና በምላስ መካከል የታመቀው አየር ምላስ ሲላቀቅ ይፈነዳል። የሳንባ አየር ስለማያስፈልገው ትንፋሽን ይዞ ጥ፣ ቅ፣ ጭ ማለት ይቻላል፤ ስ ወይም ም ግን እንዲያ አይወጣም። ጣቷን ማንቁርቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ሞከረች። ብዙ ከደከመች በኋላ አንዱ ጠብ አለ፤ ማንቁርቷ ከጣቷ ሥር ሲዘል እኔም አየሁት።

የከበደው ጆሮዋን ማስለመድ ነበር። አፌን በወረቀት ሸፍኜ «መታ»፣ «መጣ»፣ «ትል»፣ «ጥል» ስላት ሁሉም አንድ ይሆኑባታል። ይህ ስንፍና አይደለም። ጃኔት ወርከር እና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ከ6 እስከ 8 ወር ያሉ ሕፃናት የሂንዲን ድምፆች ሲለዩ፣ ከ10 እስከ 12 ወር የደረሱት ግን ችሎታው በእጅጉ ቀንሶባቸው ተገኝቷል። ጆሮ ገና በአንቀልባ ሳለ ነው የቤቱን ቋንቋ የሚመርጠው። እሷም በተራዋ በእንግሊዝኛ «መርከብ» እና «በግ» የሚሉትን ቃላት ደጋግማ ብትነግረኝ አልለይ አልኳት። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው።

ልጁ ጀሶው ሊወጣለት ሲመለስ ያመጣው አባቱ ነበር። ዶክተሯ በሩ ላይ ስታየው ጣቷን ማንቁርቷ ላይ አደረገች፤ ቀስ ብላም «አባቱ መጣ» አለች።

«መጣሁ፣ ዶክተር» አላት።