የሦስት ቮልት ባትሪ

ዛሬ ጠዋት ከጣና ዳር ብዙም የማትርቅ አንዲት የሒሳብ ሥራ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሏል። ባለቤቷ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ የሦስት ዓመት ሒሳብ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሆዴን አባባው።

ማሽኑ መነሻ ዲስክ አላገኘሁም ይላል። ዲስኩ ግን ደኅና ነበር። የተለወጠው ሲበራ ከየት እንደሚነሳ የሚነግረው የመነሻ ቅንብሩ ነው፤ መለስኩት፣ ተነሳ። እትዬ እልል አሉ።

ደስታው አልቆየም። ጎንደር ሆና በኢንተርኔት እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ እየገባች የምትሠራው ልጃቸው «አልገባ አለኝ» ብላ ደወለች። ኬብሉን፣ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለውን ፋየርዎል፣ ከርቀት የሚገባበትን 3389 የሚባለውን የኔትወርክ በር አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ሁሉም ደኅና። በመጨረሻ «የሚወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል አንብቢልኝ» አልኳት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር! የሁለቱ ኮምፒውተሮች ቀን ስለማይገጥም የሚገባባትን ኮምፒውተር ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም ይላል። የእትዬ ኮምፒውተር በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ላይ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2002።

የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነበር፦ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ባትሪ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና ቅንብሩን የምትጠብቀው እርሷ ናት፤ ሞታለች። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ሰዓቱንም አስተካከልኩ።

በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ቤቴ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ልጅቷ ናት። «ገባሁ!» አለች።