«ምን የቀየርክልኝ ነገር አለ?»

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ለሚጠግን ሰው ሥራ አይጠፋም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሽማግሌው ይነዳል። አብዛኛው የሚመጣው ጎማ ለማስለጠፍ ወይ ፍሬን ለማስጠበቅ ነው። እኚህ ሰው ግን ጉልበታቸውን ይዘው መጡ።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከአባይ ማዶ ጊዮርጊስ ድረስ በሳይክል ይመላለሳሉ። «ጉልበቴን ከፊት በኩል ይወጋኛል፤ ሳይክሉም ከብዶኛል» አሉኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ቤት ወስደውት የመሃል ኩሽኔታው ተቀይሯል፣ ካቴናው ተቀይሯል፣ ፔዳሉም አዲስ ነው። ኮርቻው ግን እስከ መጨረሻው ወርዷል። እስቲ ይንዱት ብዬ ሳይ፣ ጉልበታቸው ሆዳቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው።

«ጋሼ፣ ኮርቻውን ማን ነው ዝቅ ያደረገው?»

«እኔ ነኛ። ሁለቱም እግሬ መሬት ካልረገጠ እወድቃለሁ።»

ይሄን ስንቴ ሰማሁት! ሰው ኮርቻን ከመሬት ይለካል፤ የሚለካው ግን ከፔዳል ነው። የኮርቻው ከፍታ ሲያጥር ጉልበት ከልክ በላይ ታጥፎ ይገፋል፣ ሕመሙም ከፊት ይመጣል። ሲበዛ ደግሞ ከጉልበት ጀርባ ይይዛል፣ ዳሌም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ዋጋውን አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ 200 ብር። «ችግር የለም፣ ዋናው ጉልበቴ» አሉ።

የኮርቻው ዘንግ ዝጎ ከቱቦው ጋር ተጣብቋል። ናፍጣ አንጠባጥቤበት ሌላ ሥራ ስሠራ ቆየሁ። ከዚያ ኮርቻውን በሁለት እጄ ይዤ ግራ ቀኝ እያዞርኩ ቀስ በቀስ አወጣሁት። በመዶሻ የሚነርቱት አሉ፤ ያበሳጩኛል። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ግሪስ ቀብቼ መለስኩት።

ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፌ፣ በሚነዱበት ጫማቸው ላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። መጀመሪያ ተረከዛቸውን ታች ባለው ፔዳል ላይ አደረጉ፤ ጉልበታቸው ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ከፍ አደረግሁት። ቀጥሎ የእግራቸውን ፊተኛ ክፍል ሲያሳርፉበት ጉልበታቸው ትንሽ እጥፍ አለ። የሚፈለገው እሱ ነው፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይባላል። ዘንጉ ላይ «ከዚህ በላይ አይውጣ» የሚለውን መስመርም አየሁ፤ ገና ውስጥ ነበር። ሃምሌይና ቶማስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌትም አለ፤ ከብሽሽት እስከ ወለል ያለውን ርዝመት በ1.09 ማባዛት። 80 ሴንቲ የሆነ ሰው ከታችኛው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት 87 ሴንቲ ይደርሰዋል ማለት ነው። እኔ ለማመሳከሪያ እጠቀምበታለሁ። የሳቸው ከተረከዙ ልኬት ጋር ብዙም አልተለያየም።

የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ስላዘነበለ ክብደታቸው መዳፋቸው ላይ ያርፍ ነበር። እጃቸው እንደሚደነዝዝ የነገሩኝ ስጠይቃቸው ነው። በግንበኛ ውሃ ልክ አስተካከልኩት። ወደ ፊትና ወደ ኋላውን ደግሞ በቱንቢ አየሁት፤ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ከፊተኛው ጉልበት የወረደው ክር የፔዳሉ መሃል አካባቢ ማረፍ አለበት። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ግን አቋቋም ማስተማሩ ነው። ለመቆም ሲፈልጉ ከኮርቻው ወደ ፊት ተነሥተው አንድ እግር ማሳረፍ። ፈርተው ነበር። ኮርቻውን ከኋላ ይዤ ከሱቁ በር እስከ አስፋልቱ ጫፍ እየተመላለስን ለመዱት። ከዚያ ብቻቸውን ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ቀለለኝ! ሌላ ሳይክል ሆነ እኮ!»

ከዚያ ቦርሳቸውን አወጡ።

«ምን የቀየርክልኝ ነገር አለ?»

«ምንም አልቀየርኩም ጋሼ።»

«ታዲያ 200 ብር የምንድን ነው? ቡሎን ፈትተህ ላሰርክበት?»

«ለኩሽኔታው ከፍለው የለ?»

«እሱማ ዕቃ ነው ልጄ!»

«ጉልበትዎ ተሻለው?»

ዝም አሉ። 100 ብር ሰጥተውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ከልባቸው ነበር፤ ለዚያ ነው መናደድ እንኳን ያቃተኝ። ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ከእኔ በፊት ጤነኛ ዕቃ አውጥቶ ለጣለው ጠጋኝ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎታል።

ሁሉን ሲያይ የነበረው የጎን ሱቅ መካኒክ «አንድ ኩሽኔታ ቀየርኩ ብትላቸው ሳያጉረመርሙ ይከፍሉህ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። አላደርገውም። በሙያችን ይህ ውሸት ስለተለመደ ነው ሰው መለካትን ሥራ አድርጎ የማይቆጥረው። ልክ ማውጣት ዓይን ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልብስ ሰፊ ልክ ሲወስድ ማንም «ጨርቁን እኮ እኔ ነኝ ያመጣሁት» ብሎ አይከራከረውም።

እሳቸው ከዚያ በኋላ ሰው ይልኩልኛል። የሚመጡት ሁሉ «ኮርቻ በ100 ብር የሚያስተካክለው ልጅ አንተ ነህ?» ይሉኛል። ስለዚህ በሰሌዳ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩት፤ «የኮርቻ ልክ ማውጣት 200 ብር»። ይህን ዋጋ አልቀንስም። ዋጋው በዝቶበት ሊሄድ የሚነሣውን ግን ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፎ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ እንዲሞክር አሳየዋለሁ። ጉልበቱ እየታመመ እንዴት ዝም ብዬ ልስደደው?