ሻተሩን 1/50 ላይ ካሰርኩት በኋላ

መጀመሪያ በቪዲዮ የቀረጽኩት የአክስቴን ልጅ መልስ ነው። ሶኒ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ፣ ሁሉም ነገር አውቶ ላይ። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው አዳራሹ በሙሉ ይርገበገባል። የተጋደሙ ጥቋቁር መስመሮች በሙሽሮቹ ፊት ላይ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ። ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ሲጨንቀኝ አደረ።

ጉዳዩ የመብራቱ ነበር። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ መብራቱ ሁለቴ ይደምቃል። ስለዚህ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አይለየውም፣ ካሜራ ግን ይለየዋል። የእኔ ካሜራ እንደ አሜሪካኖቹ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ስርዓት ላይ ነበር፦ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተር 1/60፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ለ1/60 ሰከንድ ነው። ከመብራቱ ምት ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ሜኑ ውስጥ ገብቼ ፓል ላይ፣ ማለትም 50 ኸርዝ ላሉ አገሮች በሚስማማው ስርዓት ላይ አደረግኩት። ካርዱ ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ፋይሎቼን ገልብጬ እሺ አልኩት። ከዚያ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50። 1/50 ሰከንድ ልክ ሁለት የመብራት ምት ስለሚይዝ መስመሮቹ ጠፉ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቪዲዮው ራሱ ተለወጠ። ሰው ሲራመድ፣ እጁን ሲያወናጭፍ ለስለስ አለ። ምክንያቱን ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ሲኒማ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ 25ን ደግሞ ዓይን ከ24 አይለየውም። በድሮዎቹ የፊልም ካሜራዎች ውስጥ የሚሽከረከር ክብ ሻተር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ዝግ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ከድርሻው ጊዜ ለግማሹ፣ ማለትም ለ1/48 ሰከንድ ያህል ነው። ፊልም ስናይ ያደግንበት የእንቅስቃሴ ብዥታ ከዚያ የመጣ ነው። እና እኔ ለአምፖሉ ብዬ የመረጥኩት 1/50 ለሲኒማውም ልኩ ሆኖ ተገኘ!

ከዚያ ጥምቀት መጣ። ጥር 11፣ ጃንሜዳ፣ ጠራራ ፀሐይ። ከጀርባ ያለው ሕዝብ እንዲደበዝዝልኝ ሌንሱን ኤፍ 2.8 ላይ ከፈትኩት (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ 100። ሻተሩን አውቶ ላይ ስለተውኩት ካሜራው ብርሃኑን ለመቀነስ 1/3200 አደረሰው። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ጸናጽሉና መቋሚያው እየተቆራረጠ የሚዘል ይመስላል። ያ የዝማሬ እርጋታ ቪዲዮው ላይ የለም። በጣም አዘንኩ፣ ለዓመት የማይመለስ ቀን ነው።

መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር ነው፣ ለሌንስ የፀሐይ መነጽር ማለት ነው። 1/3200ን ወደ 1/50 ለማውረድ ብርሃኑ በ64 እጥፍ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ኤንዲ 64 ገዛሁ። ከእሱ በፊት ርካሽና የሚዞር ፊልተር ሞክሬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሲጠቆር ሰፊ ምስል ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥላ ያጠላል። ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ አንድ ጥሩ ፊልተር ይሻላል።

እኛ አገር በጣም የሚያስቸግረው ግን ነጠላ ነው። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ አውቶው ለነጩ ይደነግጣል፣ ምስሉን ያጠቁራል፣ ፊት ይጠፋል። ለፊቱ ብቻ ካበራሁት ደግሞ ጥለቱና ሽመናው ነጭ ወረቀት ይሆናል። አሁን ማኑዋል ላይ ሆኜ ዜብራውን፣ ማለትም ከልክ በላይ የበራውን ቦታ በሰያፍ መስመር የሚያሳየውን ምልክት፣ 100 አካባቢ አደርገዋለሁ። ፊቱ ደህና እስኪሆን አበራለሁ፣ ነጠላው ላይ ዜብራው ብቅ ሲል ትንሽ እመልሳለሁ። ካልበቃ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አስገባዋለሁ። ኤስ-ሎግ3 የሚባለውን፣ ከለሩ በኋላ ኤዲት ላይ የሚሠራለትን ፈዛዛ አቀራረጽ ሞክሬ ነበር፣ ግን የእኔ ካሜራ ባለ 8 ቢት፣ ማለትም የከለር ደረጃዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ከለር ሲሠራለት ሰማዩ ደረጃ ደረጃ ሆነብኝ። ተውኩት።

ቤት ውስጥ የተማርኩት ከእናቴ ቡና ነው። በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል፣ ከላይ ቢጫ አምፖል አለ። ዋይት ባላንሱ፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ እንዲታይ ከለሩን የሚያስተካክለው፣ አውቶ ላይ ስለነበር ጀበናው አንዴ ሰማያዊ አንዴ ብርቱካን ይሆናል።

«እማዬ፣ አምፖሉን ላጥፋው?»

«ኧረ ልጄ፣ በጨለማ ምን ይታይሃል?»

አጠፋሁት። ዋይት ባላንሱን ለቀን ብርሃን በሚሆነው 5600 ኬልቪን ላይ ቆለፍኩት፣ ሌንሱን ኤፍ 2 ድረስ ከፈትኩት፣ አይኤስኦውን 800 አደረግኩት። መስኮቱ ከጀርባዋ በጎን በኩል እንዲሆን ተቀመጥኩ። የዕጣኑ ጭስ ብርሃኑን ይዞ ቀስ እያለ ሲወጣ ታየ። እስከ ዛሬ ከቀረጽኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ስሎው ሞሽን ስፈልግ 50 ፍሬም፣ ሻተር 1/100 አደርጋለሁ። ኤዲት ላይ በግማሽ ይዘገያል፣ 1/100ም ከአምፖሉ ጋር ይስማማል። ለጭሱ፣ ለሚቀዳው ቡና፣ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ። እስክስታ ሲጀመር ግን ወደ 25 እመልሰዋለሁ። የትከሻ ምት ሲዘገይ ይሞታል። በ1/50 ትከሻው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ይደብዝዝ፤ አዳራሹ ውስጥ ቆመን ስናየውም እንደዚያው ነው።